«ከአዲስ አበባ ተነሥቼ የሶቪየት ታሪክ ምሁር መሆን እችላለሁ?»

ጥያቄ፦ በታሪክ ሁለተኛ ዲግሪዬን ይዣለሁ። አባቴ በደርግ ጊዜ ካርኮቭ የተማረ መሐንዲስ ስለሆነ ቤታችን የሩሲያኛ መጽሐፍ ሞልቶበታል፤ ቋንቋውንም ከእሱ ተምሬ ጋዜጣ አነባለሁ። ሦስተኛ ዲግሪዬን በሶቪየት ታሪክ መሥራት እፈልጋለሁ። መምህሮቼ ግን «የራስሽን አገር ታሪክ ትተሽ የሰው አገር ምን ያደርግልሻል?» ይሉኛል። ባነበብኩት ሁሉ ሺላ ፊትዝፓትሪክ የሚል ስም ይገጥመኛል። እኚህ ሴት ከአውስትራሊያ ተነሥተው እንዴት እዚህ ደረሱ? ዛሬ መዛግብቱ እየተዘጉ ባሉበት ጊዜስ መንገዱ ለእኔ ክፍት ነው?

ምላሽ፦ እህቴ፣ መንገዱ ክፍት ነው። ጠባብና ረጅም ነው፣ እንጀራውም ቶሎ አይገኝበትም፤ ክፍት ግን ነው። በፊትዝፓትሪክ ልጀምርልሽ፤ የጥያቄሽ ግማሽ መልስ እሳቸው በሄዱበት መንገድ ላይ አለና። ብዙ ሰው ስማቸውን የሚያነሣው በ1980ዎቹ ከተነሣው ክርክር ጋር አያይዞ ነው። በእኔ እምነት እሳቸውን ታላቅ ያደረጋቸው ክርክሩ አይደለም። ሌላው ሰው ዘወር ብሎ ያላየውን የቢሮ ወረቀት፣ ቃለ ጉባኤውን፣ የበጀት ጥያቄውን፣ የአቤቱታ ደብዳቤውን ለዓመታት ቁጭ ብለው ማንበባቸው ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1941 ሜልበርን ተወለዱ። አባታቸው ብራያን ፊትዝፓትሪክ የአውስትራሊያን የኢኮኖሚ ታሪክ የጻፉ፣ ለዜጎች መብት የሚሟገቱ ግራ ዘመም ምሁር ነበሩ። ከሩሲያ ጋር የሚያገናኛቸው የሥጋ ዝምድና የለም። ሩሲያኛን የተማሩት እዚያው ሜልበርን ዩኒቨርሲቲ ነው፤ በ1961 ተመርቀው በ1964 ኦክስፎርድ፣ ሴንት አንቶኒስ ኮሌጅ ገቡ። እንግዲህ ለመምህሮችሽ የመጀመሪያው መልስ ይኸው። ሩሲያዊው ምሁር ቦሪስ ቱራዬቭ ፒተርስበርግ ተቀምጠው የቅዱሳኖቻችንን ገድል ከግዕዝ ብራና እያዘጋጁ ሲያሳትሙ የጠቀሙት የራሳቸውን አገር ብቻ አልነበረም። አንቺ በተራሽ የእነሱን መዝገብ ብትመረምሪ ምን ነውር አለበት? ደግሞም ከ1974 አብዮት በኋላ የመጣ ኢትዮጵያዊ ስለ መሬት አዋጅ፣ ስለ ቀበሌ፣ ስለ ካድሬ፣ ስለ ፓርቲ ስብሰባ ሲያነብ ከሌላው ቀድሞ የሚገባው ነገር አለ። ይህን እንደ ጉድለት አትቁጠሪው፤ ስንቅሽ ነው።

ፊትዝፓትሪክ ወደ ሙያው ሲገቡ ምን እንዳገኙ ካላወቅሽ ያደረጉት ነገር ትልቅነት አይታይሽም። በምዕራቡ ዓለም የሶቪየት ጥናት የተወለደው ከቀዝቃዛው ጦርነት ጋር ነው። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሩሲያ ኢንስቲትዩት በ1946፣ በሐርቫርድ የሩሲያ ምርምር ማዕከል በ1948 ተቋቋሙ። የሶቪየቷ ሳተላይት ስፑትኒክ በ1957 ከመጠቀች በኋላ የአሜሪካ መንግሥት በ1958 ሕግ አውጥቶ ለቋንቋ ትምህርት ገንዘብ አፈሰሰ። ገንዘብ ካለ ጥያቄም አብሮ ይመጣል፤ የዚያን ጊዜው ጥያቄ «ክሬምሊን እንዴት ነው የሚገዛው?» የሚል ነበር። ሥልጣን ሁሉ ከላይ የሚወርድበት፣ ከታች ያለው ሕዝብ ደግሞ የሚቀበልና የሚፈራ ብቻ የሆነበት ሥርዓት ተደርጎ ይሳል ነበር። ወደ ሶቪየት ቤተ መዛግብት መግባት ስለማይቻል የሚጻፈው ከጋዜጣ፣ ከአዋጅና ከስደተኞች ቃል ነበር። አንድ ለየት ያለ ሀብት ነበራቸው፤ የጀርመን ጦር በ1941 ከስሞልንስክ የወሰደው የፓርቲ መዝገብ ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካኖች እጅ ገብቶ ነበር። አሜሪካዊው ምሁር መርል ፌንሶድ በዚያ መዝገብ ላይ የጻፉትን በ1958 አሳተሙ። መዝገቡ ወደ ሩሲያ የተመለሰው በ2002 ነው።

ወጣቷ ተማሪ በ1966 መጸው በብሪታኒያ የልውውጥ ፕሮግራም ሞስኮ ደረሱ፤ በሞስኮ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ማደሪያ ተቀመጡ። ለዶክትሬት የመረጡት አናቶሊ ሉናቻርስኪን ነው፤ ከ1917 እስከ 1929 የትምህርት ኮሚሳር፣ ማለትም ሚኒስትር፣ የነበረውን ሰው። ርዕሱ ለብዙዎች ቀዝቃዛ ነበር። ትምህርት ሚኒስቴር ከስታሊን ወይም ከስለላ ድርጅቱ ጋር ሲወዳደር ምን ይስባል? በሩን የከፈተላቸው ግን ይኸው ቀዝቃዛነቱ ነው፤ ከፖለቲካ ቢሮ ወይም ከስለላ ድርጅቱ መዝገብ ይልቅ የትምህርት ኮሚሳሪያት ወረቀት ለውጭ ሰው መስጠት ይቀል ነበርና።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከዚህ የምትማሪው ብዙ ነው። በዚያን ጊዜ የውጭ አገር ተመራማሪ የሚቀመጠው ከሶቪየት ምሁራን ተለይቶ፣ ለብቻው በተመደበለት የንባብ ክፍል ነው። ቤተ መዛግብቱ ውስጥ ምን ምን ማኅደር እንዳለ የሚዘረዝረውን ማውጫ አያሳዩትም። ርዕሱን ይናገራል፤ ሠራተኛዋ የመሰላትን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጥለታለች። ያልመጣለትን ነገር መኖሩን እንኳ በምን ያውቃል? ብልሃቱ የሶቪየት ምሁራን ያሳተሙትን መጽሐፍ ገልብጦ የግርጌ ማስታወሻውን መልቀም፣ እዚያ የተጠቀሰውን የማኅደር ቁጥር ይዞ «ይህን አምጡልኝ» ማለት ነበር። ከአንዱ ቃለ ጉባኤ ወደ ሌላው፣ በዚያ ከተጠቀሰው ደብዳቤ ወደ መልሱ እየተሸጋገሩ መሄድ። በዚህ መንገድ የሚያነብ ሰው ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ የሚሠራ ያህል ይሆናል፤ ማን ከማን እንደተጣላ፣ በጀት ማን እንደተከለከለ፣ የቴክኒክ ትምህርት ቤቶቹ በትምህርት ኮሚሳሪያት ሥር ይሁኑ ወይስ በኢንዱስትሪው ሥር ተብሎ ለዓመታት የተካሄደውን ጭቅጭቅ ያያል። ከሩቅ አንድ ጡጫ ይመስል የነበረው መንግሥት ከውስጥ ሲታይ የሚካሰሱ መሥሪያ ቤቶች ስብስብ ሆኖ ተገኘ። የፊትዝፓትሪክ ኋለኛ ሐሳብ ሁሉ የፈለቀው ከዚህ ጠረጴዛ ነው ብል አላጋነንኩም።

ከወረቀቱ ጎን ሰው ነበር። የሉናቻርስኪን ልጅ ኢሪናን ተዋወቁ፤ በይበልጥ ደግሞ የሉናቻርስኪ ሚስት ወንድምና ጸሐፊው የነበሩትን ኢጎር ሳትስን። ሳትስ በዚያን ጊዜ በገጣሚው ትቫርዶቭስኪ በሚመራው «ኖቪ ሚር» መጽሔት ይሠሩ ነበር፤ በ1962 የደራሲውን የሶልዠኒትሲንን የመጀመሪያ ሥራ ያወጣው መጽሔት ነው። አዛውንቱ ለወጣቷ እንደ ሁለተኛ አባት ሆኑላት። በወረቀት ላይ ያልተጻፈውን፣ ማን ለምን ዝም እንዳለ፣ የትኛው ዐረፍተ ነገር ለሳንሱር ተብሎ እንደገባ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው።

አደጋውም ቅርብ ነበር። በ1968 «ሶቪየትስካያ ሮሲያ» ጋዜጣ የሶቪየትን ታሪክ ያጣምማሉ ያላቸውን የምዕራብ ጸሐፊዎች ሲያወግዝ ኤስ. ፊትዝፓትሪክ የተባለ ሰው ጠቀሰ፤ እውነትን የሚደብቅ ከሰላይ አይለይም የሚል ክስ ነበር። ጋዜጣው ጸሐፊውን ወንድ አድርጎት ነበር። ፊትዝፓትሪክ ጽሑፋቸውን ያወጡት በአባታቸው ስም ሲሆን ሞስኮ የተመዘገቡት በጊዜው ባለቤታቸው ስም፣ ሺላ ብሩስ ተብለው ነው። ሁለቱን ስሞች ያገናኘ ስላልነበረ ሳይባረሩ ቀሩ። አስቢው፣ የአንድ ምሁር መላ የሥራ ዘመን በአንድ የመዝገብ ስም ልዩነት ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ዶክትሬታቸውን በ1969 ጨረሱ፤ በ1970 መጽሐፍ ሆኖ በካምብሪጅ ታተመ። ከዚያ ወደ አሜሪካ ተሻገሩ፤ በቴክሳስና በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዎች አስተማሩ። በ1979 ያሳተሙት ሁለተኛው ትልቅ ጥናት ነው ሙያውን ያናወጠው። ጥያቄው እንዲህ ነበር፦ ከስታሊን ሥርዓት ማን ተጠቀመ? በመጀመሪያው የአምስት ዓመት ዕቅድ፣ ከ1928 እስከ 1932፣ ፓርቲው በርካታ ሠራተኞችንና የገበሬ ልጆችን ከፋብሪካ አንሥቶ ወደ ቴክኒክ ኮሌጅ ላከ። ኋላ አገሪቱን የመሩት ክሩሽቾቭ፣ ብሬዥኔቭ፣ ኮሲጊን ሁሉም የዚህ ትውልድ ልጆች ናቸው። አሌክሴይ ኮሲጊንን ብቻ ውሰጂ፤ ከሌኒንግራድ ጨርቃ ጨርቅ ኢንስቲትዩት በ1935 ተመረቀ፣ በ1938 የከተማዋ ምክር ቤት ሥራ አስፈጻሚ ሰብሳቢ ሆነ፣ በ1939 በ34 ዓመቱ የጨርቃ ጨርቅ ኢንዱስትሪ ኮሚሳር ተብሎ ተሾመ። በአራት ዓመት ከተማሪ ወንበር ወደ ሚኒስትር ወንበር! እንዲህ ያለ ሰው ሥርዓቱን የሚደግፈው በፍርሃት ብቻ ነው ማለት እንዴት ይቻላል? ፊትዝፓትሪክ ያሉት ይህንን ነው።

ተቃውሞው በ1986 «ራሺያን ሪቪው» መጽሔት ላይ ገነፈለ። ስለ አዲሱ የማኅበራዊ ታሪክ ትውልድ ለጻፉት ጽሑፍ እነ ስቲቨን ኮኸን፣ ጄፍ ኢሊ እና ፒተር ኬኔዝ መልስ ጻፉ። ከኮኸንና ከኬኔዝ በኩል የመጣው ዋናው ወቀሳ የስታሊን ሽብር፣ እስሩና ግድያው፣ የት ገባ የሚል ነበር። እኔ ሁለቱንም ወገን ደጋግሜ አንብቤያለሁ፤ አቋሜን ልንገርሽ። ማን ተጠቀመ ብሎ መጠየቅ ማጽደቅ አይደለም፤ ያለዚያ ጥያቄ ሥርዓቱ ለምን ያን ያህል ዘመን እንደቆመ አይገባንም። ወቃሾቹም ግን እውነት ነበራቸው። እነ ኮሲጊን ያን ያህል የፈጠኑት በ1937 እና በ1938 ወንበሩ ስለተለቀቀ ነው፤ የተለቀቀውም ባለወንበሩ ስለታሰረ ወይም ስለተረሸነ ነው። በእነዚያ ሁለት ዓመታት በፖለቲካ ክስ የተረሸኑት በመንግሥቱ በራሱ መዝገብ ከ680 ሺህ በላይ ናቸው። የተሿሚው ታሪክ ሲጻፍ የተረሸነው ሰው እዚያው ገጽ ላይ መኖር አለበት። አንቺም ምንም ርዕስ ብትመርጪ ይህን ሚዛን እንዳትለቂ አደራ።

ሶቪየት ኅብረት በ1991 ስትፈርስና መዛግብቱ ሲከፈቱ ብዙዎች ወደ ስታሊን የግል ማኅደር ሮጡ። ፊትዝፓትሪክ ያኔ ከ1990 ጀምሮ ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ነበሩ፤ በይበልጥ የተሳቡት ወደ ደብዳቤዎቹ ነው። ገበሬው ለገበሬዎች ጋዜጣ ለ«ክረስትያንስካያ ጋዜታ» የጻፈው፣ ባልቴቷ በስም የአገሪቱ ርእሰ ብሔር ለነበረው ለካሊኒን ያቀረበችው አቤቱታ፣ ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ የላከው ጥቆማ። በ1930ዎቹ ሞስኮ አንድ ቤተሰብ የሚኖረው አብዛኛውን ጊዜ በአንዲት ክፍል ነው፤ ማድ ቤቱና መጸዳጃው የጋራ ነው። ፊትዝፓትሪክ ከነዚህ ጥቆማዎች ውስጥ የቤት ጥቆማ ብለው የለዩት ወገን አለ፤ ጠቋሚው ጎረቤቱን የቀድሞ ባላባት ነው፣ የሕዝብ ጠላት ነው ብሎ ይከሳል፣ ዓይኑ ግን ክፍሉ ላይ ነው። እንዲህ ያለውን ደብዳቤ ያነበበ ሰው ስለ «ርዕዮተ ዓለም» ሲጽፍ ይጠነቀቃል። በ1994 ስለ ገበሬው፣ በ1999 ስለ ከተማው ሕዝብ የዕለት ኑሮ ያወጧቸው ሁለት መጻሕፍት ከዚህ የተቀዱ ናቸው፤ ከሥራዎቻቸው ሁሉ አስቀድመሽ እንድታነቢ የምመክርሽም የ1999ኙን ነው።

ሙያው እሳቸው ላይ አልቆመም። ስቲቨን ኮትኪን በ1995 በብረት ፋብሪካዋ ከተማ በማግኒቶጎርስክ ላይ፣ ዮኸን ሄልቤክ ደግሞ በስታሊን ዘመን የግል ማስታወሻዎች ላይ ሠርተው ሰዎቹ ሥርዓቱን እንደ መጠቀሚያ ብቻ አላዩትም፣ ከልባቸው አምነውበት ራሳቸውን ሊቀርጹበት ሞክረዋል አሉ። እሳቸውም በ2012 ቺካጎን ለቀው ወደ አገራቸው ተመልሰው፣ ከጦርነቱ በኋላ ወደ አውስትራሊያ በገቡ ሩሲያውያን ስደተኞች ላይ አዲስ ምርምር ጀመሩ። ሰባ ዓመት አልፏቸው አዲስ ርዕስ!

ወደ ዛሬ ልምጣ። የዩክሬን ጦርነት በየካቲት 2022 ከተስፋፋ ወዲህ ለአብዛኛው የምዕራብ ተመራማሪ ሞስኮ ሄዶ መሥራት አልሆነለትም። ከዚያ ቀደም ብሎም በታኅሣሥ 2021 የሩሲያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የጭቆና ሰለባዎችን ታሪክ ሲሰበስብ የኖረውን «ሜሞሪያል»ን እንዲዘጋ ፈርዷል። አንቺ ግን የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዘሽ ነው የምትሄጂው፤ የሩሲያ መንግሥትም ለአፍሪካ ተማሪዎች የትምህርት ዕድል ይሰጣል። ስለዚህ ለሌላው የተዘጋው በር ላንቺ ገርበብ ብሎ ሊሆን ይችላል። ብትጠቀሚበት አልቃወምም። ሆኖም በኢኮኖሚ፣ በትምህርት ወይም በባህል ታሪክ ላይ ሠርቶ መውጣትና በሽብሩ ዘመን ላይ መሥራት አንድ እንዳልሆነ አውቀሽ ግቢ። እዚያ የሚረዱሽን ሰዎችም አስቢ፤ አንቺ ትመለሻለሽ፣ እነሱ እዚያው ይቀራሉ። ዶክትሬትሽን በአንድ ቤተ መዛግብት ላይ ብቻ አታንጠልጥዪው።

ከሩሲያ ውጭ ያለው ሀብት ብዙ ሰው ከሚያስበው በላይ ነው። የፊንላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ከ1828 እስከ 1917 በሩሲያ ግዛት የሚታተመው ሁሉ አንድ ቅጂ የመቀበል መብት ስለነበረው ሄልሲንኪ ተቀምጠሽ የዛሩን ዘመን ማንበብ ትችያለሽ። የዛሩ ሚስጥራዊ ፖሊስ የፓሪስ ቢሮ ማኅደር ካሊፎርኒያ፣ ስታንፎርድ ባለው ሁቨር ተቋም ይገኛል። ከአብዮቱ የሸሹ ሰዎች ወረቀት በኮሎምቢያ ባኽሜቴፍ ክፍል አለ። ቪልኒዩስና ሪጋ የየሪፐብሊኮቻቸውን የፓርቲና የኬጂቢ መዝገብ ለተመራማሪ ያሳያሉ። ቤትሽ ሆነሽ በኢንተርኔት የምታገኚው ደግሞ የሐርቫርድ ፕሮጀክት አለ፤ ከ1950 ጀምሮ ከሶቪየት ኅብረት ከወጡ ስደተኞች ጋር የተደረጉ በመቶዎች የሚቆጠሩ ረጃጅም ቃለ መጠይቆች። ፊትዝፓትሪክም ለ1999ኙ መጽሐፋቸው ተጠቅመውበታል።

ስለ ቋንቋሽ በግልጽ ልናገር፤ ጋዜጣ ማንበብ አይበቃም። የ1920ዎቹ ሰነድ ምሕጻረ ቃል የታጨቀበት ነው፤ በእጅ የተጻፈ አቤቱታ ደግሞ ራሱን የቻለ ትምህርት ይጠይቃል። ከ1918 በፊት ለታተመው የቀድሞውን አጻጻፍ፣ በኋላ የተሰረዙትን ፊደላት ጨምሮ ማወቅ ይኖርብሻል። አባትሽ ከካርኮቭ የላካቸው ወይም የተቀበላቸው የእጅ ጽሑፍ ደብዳቤዎች ካሉ ልምምዱን ከዚያ ጀምሪ። ሁለተኛ የጥናት ቋንቋም ያዢ። እኔ ብመርጥ ዩክሬንኛን ወይም ጀርመንኛን እመርጥ ነበር።

ርዕስን በተመለከተ አማካሪዎች አንቺን ሲያዩ ወዲያው «ሩሲያና ኢትዮጵያ» ሊሉሽ ይችላሉ፤ የ1896ቱ የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን፣ የሩሲያ መኮንኑ አሌክሳንድር ቡላቶቪች ከምኒልክ ሠራዊት ጋር ያደረገው ጉዞ። ልብሽ ካልፈለገው እምቢ በይ፤ አፍሪካዊ ምሁር ስለ አፍሪካ ብቻ ይጻፍ የሚል ሕግ የለም። ግን ከዚያው መስክ አንድ ርዕስ አለ፣ ሳስበው ልቤ የሚቸኩልበት፦ በደርግ ዘመን ሶቪየት ኅብረት ሄደው የተማሩ ኢትዮጵያውያን። ሩሲያኛውንም አማርኛውንም እኩል የሚያነብ ተመራማሪ እንደ ልብ አይገኝም። ወረቀቱ እስኪከፈት ቢጠብቅም ሰዎቹ አይጠብቁም፤ አባትሽን ዛሬ ቁጭ አድርገሽ ጠይቂያቸው፣ ድምፃቸውን ቅጂ፣ የክፍል ጓደኞቻቸውን አድራሻ ተቀበዪ። ማደሪያው ውስጥ ከማን ጋር ኖሩ? ድጎማው ስንት ነበር? ፓርቲው ስብሰባ ሲጠራ ምን ይባል ነበር? ሲመለሱ ማን ተቀበላቸው?

ስለ እንጀራው፦ የማስተማሪያ ቦታ ጥቂት ነው፣ ተወዳዳሪው ብዙ ነው። በአሜሪካ ዶክትሬት ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ይወስዳል፤ በደህና ዩኒቨርሲቲዎች ድጎማ አለው። በብሪታኒያ ሦስት ወይም አራት ዓመት ነው፣ ገንዘቡን ግን ለብቻ ማፈላለግ ይጠበቅብሻል። ሙያውም እየተለወጠ ነው። የአሜሪካው የስላቭ፣ የምሥራቅ አውሮፓና የዩራሲያ ጥናቶች ማኅበር የ2023 ጉባኤውን መሪ ቃል ከቅኝ ግዛት አስተሳሰብ መላቀቅ ብሎ ሰይሞት ነበር፤ ሞስኮን ብቻ ማዕከል ያደረገ ጥናት እየተጠየቀ፣ ዩክሬን፣ ካውካሰስና መካከለኛው እስያ እየጎሉ ነው። ከዚህ አንጻር ካርኮቭን በዩክሬንነቷ፣ ማለትም እንደ ካርኪቭ፣ የምታነቢበት ርዕስ ከሞስኮ ርዕስ የተሻለ ሰሚ ያገኛል ብዬ አምናለሁ።

ለአማካሪ ከመጻፍሽ በፊት ይህን አድርጊ፦ ከሐርቫርድ ቃለ መጠይቆች ውስጥ አንዱን ምረጪ፣ የአንዲት መምህርት ወይም የአንድ የፋብሪካ ሠራተኛ ይሁን። ሰውየው ስለ ደመወዙ፣ ስለ አለቃው፣ ስለ ጎረቤቱ ያለውን አንብበሽ ከሌላ ሁለት ቃል ጋር አስተያዪ፤ የት እንደሚስማሙ፣ የት እንደሚለያዩና ለምን ሊለያዩ እንደሚችሉ በሁለት ገጽ ጻፊ። ማመልከቻሽን ከዚያ ጽሑፍ ጋር አያይዘሽ ላኪ። አማካሪው የሚፈልገው ሰነድ ማንበብ የምትችል ሰው ነው፤ ስለ ሩሲያ ፍቅርሽ ከምትጽፊው ሁለት ገጽ ይልቅ ይኸኛው ይናገርልሻል።